ሥሩ የተቆረጠ የዕፅዋት መጽሐፍ

መጽሐፉ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የገረመኝ ክብደቱ ነው። አልጋ ላይ ጋደም ብሎ የሚነበብ አይደለም፤ ሞክሬው ደረቴን አፈነኝ። ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ጥሩ መብራት ይፈልጋል፣ ከመግለጥ በፊት እጅ መታጠብም ይፈልጋል። የጥንት ሰዎች በዕፅዋት እንዴት ይታከሙ እንደነበር በጥንት ሥዕሎች የሚያሳይ ትልቅ አልበም ነው። ኦንላይን ሳየው የሽፋኑ ሥዕል ልቤን ወሰደው፣ ብዙም ሳላመነታ አዘዝኩት። ስሙንም አሳታሚውንም አልጠራም። የምነግራችሁ ችግር ያለበት እሱ ብቻ አይደለም፣ አንዱን ለይቶ መውቀስ ደግሞ ደስ አይለኝም። ግን እንዲህ ዓይነት አልበም ልትገዙ ካሰባችሁ ይቺን አንብቡ።

ከጥሩው ልጀምር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግሩም ነው። ሳንቶሪኒ ደሴት ላይ አክሮቲሪ የሚባል፣ በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀብሮ የኖረ ከተማ አለ። ከዚያ የወጡ የግድግዳ ሥዕሎች ናቸው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 አካባቢ የተሣሉ። ሴቶች ቋጥኝ ላይ ወጥተው ሳፍሮን ይለቅማሉ። ሳፍሮን ስል እርድ ማለቴ አይደለም፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፤ ሳፍሮን ሐምራዊ አበባ መሃል ያለችው ቀይ ክር ናት። ከፍ ብላ የተቀመጠች አንዲት አምላክ አለች፣ ዝንጀሮ የተለቀመውን ያቀርብላታል። እኔን የያዘችኝ ግን ሌላዋ ናት። አንዲት ልጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ በአንድ እጇ ግንባሯን ይዛለች፣ በሌላው እጇ እግሯን። እግሯ ይደማል። ከእግሯ ሥር ደግሞ የሳፍሮን አበባ ተሥሏል። አበባው እዚያ የተሣለው እንዲሁ ለጌጥ አይደለም፣ ሳፍሮን ለቁስል ወይም ለሴቶች ሕመም ይጠቅም እንደነበር ለማሳየት ነው ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። አልበሙ ይህን ሥዕል በሁለት ገጽ ዘርግቶታል፣ የደሟ ጠብታ ሳይቀር ይታያል። እዚህ ላይ አድናቆቴን አልነፍጋቸውም።

ከቀርጤስ የመጣችው የሸክላ ሐውልትም በደንብ ተነሥታለች። እጆቿን ወደ ላይ አንስታ የቆመች ሴት ናት፣ ዘውዷ ላይ የኦፒየም አበባ ፍሬዎች ተሰክተዋል። ፍሬዎቹ ላይ በቢላ የተሰነጠቀ የሚመስል መስመር አለ። ያ መስመር ዋናው ነገር ነው። የኦፒየም ፈሳሽ የሚወጣው ፍሬው ሳይደርቅ ልጡ ሲጫር ነው፣ ስለዚህ ሐውልቱን የሠራው ሰው አበባውን ብቻ ሳይሆን አወጣጡንም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከሷ ቀጥሎ ሲልፊየም አለ፣ የቂሬኔ ከተማ በሳንቲሟ ላይ ታትመው የነበረው መድኃኒት። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደጻፈው በሱ ዘመን የተገኘችው አንዲት አገዳ ብቻ ነበረች፣ እሷንም ለንጉሠ ነገሥት ኔሮን ላኩለት። ዛሬ ተክሉ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚነግረን የለም። የቀረን የሳንቲሙ ሥዕል ነው። አንድ ገጽ፣ ሦስት ሳንቲም፣ አጭር ጽሑፍ፤ ከዚያ በላይም አያስፈልገውም።

ግብፅ ላይ ሲደርስ ግን መጽሐፉ መንሸራተት ጀመረ። የኤበርስ ፓፒረስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 አካባቢ የተጻፈ፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሚጠጋ ጥቅልል ነው፤ ከ800 በላይ የመድኃኒት አሠራር ይዟል፣ አሁን ያለው ላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ ችግር አለው፣ ሥዕል የለውም። ጽሑፍ ብቻ ነው። እንግዲህ የሥዕል አልበም ሥዕል የሌለው ነገር ሲገጥመው ምን ያደርጋል? የኛዎቹ ከመቃብር ግድግዳ ላይ የግብዣ ሥዕል አምጥተው ለጠፉበት። ሴቶች አበባ ያሸታሉ፣ አለቀ። ከመድኃኒት ጋር የሚያገናኘው ነገር አበባ መኖሩ ብቻ ነው። በቀለም የተጻፈውን ፓፒረስ ራሱን ትልቅ አድርገው ቢያሳዩን ምን ነበረበት? የጥቁርና የቀይ ቀለሙ ቅያሪ ብቻውን ያምራል፣ ርዕስና መጠን በቀይ ነው የሚጻፈው፣ ልክ አሁን እኛ በማርከር እንደምናቀልመው።

ይህንንም ችዬ አለፍኩ። ያልቻልኩት የጆንሰን ፓፒረስ ላይ ስደርስ ነው።

ይቺ ትንሽ የፓፒረስ ቁራጭ ናት። እዚያው ግብፅ፣ አንቲኖፖሊስ ውስጥ የተገኘች፣ እ.ኤ.አ. በ400 አካባቢ የተሠራች፤ እስከ ዛሬ ከተረፉት ሥዕል ያለባቸው የዕፅዋት መጻሕፍት ቁራጮች ከጥንቶቹ አንዷ። ሲምፊቶን የሚባል ተክል ነው የተሣለባት። ቅጠሉ ጥቁር ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ኳስ ተድቦልቡሏል፣ ከሥሩ ቀጫጭን የተንጨፈረሩ ሥሮች ይወርዳሉ። በግሪክኛ የስሙ መነሻ አብሮ ማደግ፣ መጋጠም የሚል ነው፣ ምክንያቱም ለቁስልና ለስብራት ይሰጥ ነበር። ለዚህ በዋናነት የሚፈለገው ደግሞ ሥሩ ነው። ሥሩ ተቀጥቅጦ ይለጠፋል።

አልበሙ ሥሩን ቆርጦታል።

መጀመሪያ ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ቁራጩ ራሱ የተበላሸ ስለሆነ ከታች የጎደለው በዘመን ብዛት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ኮምፒውተር ከፍቼ ዋናውን ሥዕል ፈለግሁ፣ ቁራጩ ያለበት የለንደኑ የዌልካም ስብስብ ፎቶውን በነፃ ያሳያል። ሥሩ አለ። ቁጭ ብሏል። የአልበሙ ዲዛይነር ኳሱ ገጹን እንዲሞላለት አጉልቶ ከታች ቆረጠው። ያማረ ገጽ ወጣው፣ መድኃኒቱ ግን ገደል ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን መጽሐፍ እንደ ሰላይ ነው የማነበው። አንዱን ገጽ እገልጣለሁ፣ ዋናውን ኦንላይን እፈልጋለሁ፣ አስተያያለሁ። ያገኘሁት ደስ አይልም። የሥር ነገር ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ላስረዳ፣ ምክንያቱም አንድ ጓደኛዬ «ለአንድ ሥር?» ብሎ ስቆብኛል።

እነዚህ ሥዕሎች ሳሎን ላይ ሊሰቀሉ አልተሣሉም። ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ «ይሄ ነው ወይስ ያኛው?» ሲል እንዲለይባቸው ነው። አንዱ ያድናል፣ የሚመስለው ይገድላል። ዲዮስቆሪደስ የሚባለው ሐኪም ይህንን አጥብቆ ያውቅ ነበር። በአንደኛው መቶ ዓመት የኖረ፣ ኪሊቅያ ውስጥ አናዛርቦስ የተወለደ ሰው ነው፤ በአምስት ክፍል ባዘጋጀው መጽሐፍ ወደ 600 የሚጠጉ ዕፅዋትን መዝግቧል። መግቢያው ላይ እንዲህ የሚል ምክር አለው፦ ተክልን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሲበቅልም፣ ሲጎለምስም፣ ሲያረጅም ማየት አለበት፤ ቡቃያውን ብቻ ያየ ሰው አድጎ ሲያገኘው አያውቀውም። ሰውየው የጻፈው በእግሩ ዞሮ አይቶ እንደሆነ ያስታውቃል። እንግዲህ እንዲህ የተጨነቀ ሰው መጽሐፍ ላይ የተሣለን ተክል ግማሹን ቆርጦ «ጥንታዊ ውበት» የሚል መግለጫ ሥር ማኖር ምን ይባላል?

የዚህ መጽሐፍ ታላቁ ቅጂ ቪየና ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ512 አካባቢ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ለልዕልት አኒቂያ ዩሊያና የተሠራ፣ 491 ቅጠል ብራና፣ ገጽ ሙሉ የሆኑት የዕፅዋት ሥዕሎቹ ብቻ ወደ 400 ይጠጋሉ። እስቲ አስቡት፣ ያ መጽሐፍ ሙዚየም ውስጥ አልኖረም። ሆስፒታል ውስጥ ይሠራበት ነበር። በ1406 ጥራዙ አርጅቶ እንደገና ተጠረዘ፣ ማለትም ከተሠራ ከ900 ዓመት ገደማ በኋላ እንኳ ሰዎች ይገለገሉበት ነበር። በኋላ በኦቶማኖች ዘመን የሱልጣን ሱለይማን ሐኪም የነበረው የሙሴ ሐሞን ቤተሰብ እጅ ገባ፣ ከዚያ የሐብስበርግ አምባሳደር አየውና ለመነ፣ የተጠየቀው 100 ዱካት ግን ለሱ ኪስ ከበደ። በ1569 ለንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ዳግማዊ ተገዛ። ይህ ሁሉ ጉዞ ህዳጉ ላይ ተጽፏል። ከጎን፣ ከላይ፣ ከቅጠሉ መሃል የዕፅዋቱ ስም በዓረብኛና በዕብራይስጥ ተጨምሯል፤ ኋላ የመጡ ግሪኮችም ጽሑፉን በሚያነቡት የእጅ ጽሑፍ ደግመው ጽፈውበታል። እያንዳንዱ ሐኪም በራሱ ቋንቋ «ይሄ እኛ እንዲህ የምንለው ነው» እያለ ሄዷል።

አልበሙ ላይ ህዳግ የለም። ሥዕሉን ከጽሑፉ ለይተው፣ የብራናውን ቀለም አንጥተው፣ ተክሉን ብቻ ነጭ ገጽ ላይ አስቀምጠውታል። ንጹሕ ነው። በጣም ንጹሕ። ታጥቦ እንደተሰጣ ጨርቅ።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን የውሻው ጉዳይ ነው። ቪየና ባለው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ዲዮስቆሪደስ ራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታያል። ፊት ለፊቱ «ግኝት» የሚል ስም የተሰጣት ሴት ቆማ የማንድራጎራ ሥር ታሳየዋለች። ሥሩ ሰው ይመስላል፣ እጅና እግር አለው። ከታች ደግሞ ውሻ አለ፣ እየሞተ ያለ። ማንድራጎራ ሲነቀል የሚነቅለው ሰው ይሞታል የሚል እምነት ነበር፣ ስለዚህ ውሻ ያስሩበታል፣ ውሻው ጎትቶ ይነቅለዋል፣ ውሻው ይሞታል፣ ሰውየው ይተርፋል። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍም እንዲህ ያለ ወግ ጽፏል። የአልበሙ መግለጫ ይህን ሁሉ በሚገባ ይተርካል፣ «ከሥር የሚታየውን ውሻ ልብ ይበሉ» ይላል። ውሻው ግን የለም! ከገጹ ታች ተቆርጧል። የቀረው የጀርባው ጫፍ ነው፣ ጠቆር ያለ ነጥብ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ማጉያ መነጽር አምጥቼ ፈለግሁት።

ለነገሩ ማንድራጎራ ወግ ብቻ አይደለም። ዲዮስቆሪደስ አንድ ሰው ከመቆረጡ ወይም ከመተኮሱ በፊት ሥሩ የገባበት ወይን ጠጅ እንደሚሰጠው ጽፏል፣ እንዳይሰማው። ተክሉ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ፣ ሁለቱም ዛሬም ሕክምና ላይ አሉ፣ መጠኑ ካለፈ ደግሞ ያሳብዳሉ፣ ይገድላሉ። በነገራችን ላይ ኦሪት ዘፍጥረት 30 ላይ ሮቤል ከእርሻ አግኝቶ ለእናቱ ለልያ ያመጣላት፣ ራሔልም የለመነቻት ነገር ዕብራይስጡ ላይ ማንድራጎራ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ በአማርኛው እንኮይ ሆኖ ነው ያነበብነው። ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም። ተርጓሚውን አልወቅስም፣ ሥዕል አልነበረው።

ሥዕል ይዋሻል የሚል ሰው ካለ እሱም ብቻውን አይደለም። ፕሊኒ፣ ያው በ79 ቬሱቪየስ ሲፈነዳ የሞተው፣ ገና ያኔ የዕፅዋት ሥዕሎችን ገምግሟቸዋል። የጰንጦሱ ንጉሥ ሚትሪዳተስ ሐኪም የነበረው ክራቴዋስና ሌሎችም ዕፅዋትን እየሣሉ ከሥር ጥቅማቸውን ይጽፉ ነበር ይልና፣ ነገሩ ያማረ ቢሆንም አስቸጋሪ ነው ብሎ ይቀጥላል፤ ቀለማቸው ብዙ ነው፣ የሚገለብጡት ሰዎች ያበላሹታል፣ ተክሉ ደግሞ በየወቅቱ መልኩን ይቀያይራል። ወደ 2000 ዓመት ሊሞላው ነው፣ የኔ አልበም ግምገማም ከዚህ ብዙ አይርቅም። «የሚገለብጡት ያበላሹታል» ያለውን ከላይ አይታችኋል። ቀለሙን ልጨምር፦ ቪየናው ላይ አረንጓዴ የሆነው ቅጠል አልበሙ ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሐምራዊው ቡናማ ሆኗል። የኦስትሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሙሉውን ስካን አድርጎ ኦንላይን ስላስቀመጠው ማንም ሰው ስልኩ ላይ አይቶ ሊፈርድ ይችላል። በነፃ። ይሄኛው ነገር ነው ትንሽ የሚያናድደው።

የባግዳዱ ክፍል ግን ተርፏል። የዲዮስቆሪደስ መጽሐፍ በ9ኛው መቶ ዓመት እዚያ ወደ ዓረብኛ ተተረጎመ፣ ሁናይን ኢብን ኢስሐቅ ትርጉሙን አረመው። በ1224 የተገለበጠ አንድ ቅጂ ነበር፣ ብዙ ገጾቹ ዛሬ በየሙዚየሙ ተበትነዋል፣ ከማር መድኃኒት ሲዘጋጅ የሚያሳየው ገጽ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው ያለው። እዚህ ላይ ተክሉ ሳይሆን ሰውየው ነው ጀግናው። ትልቅ ድስት ተጥዷል፣ ባለሙያው ያማስላል፣ ከላይና ከታች ጽሑፉ አለ። አልበሙ ይህን ገጽ ሙሉውን፣ ከነጽሑፉ፣ ከነጠርዙ አትሞታል። ምናልባት ሰው ያለበትን ሥዕል መቁረጥ ሰቀጠጣቸው፤ ተክል ግን ተክል ነው።

ቻይና ሁለት ገጽ ደርሷታል። ሁለት! በአፈ ታሪክ የዕፅዋት ሕክምና አባት የሚባለው ሸን ኖንግ ቅጠል ለብሶ ቅጠል ሲቀምስ፣ ከዚያ ሐኪሙ ሊ ሺዠን። ይህ ሰው 1,892 መድኃኒት የመዘገበ፣ መጽሐፉ በ1596 ከነሥዕሎቹ የታተመ ነው፣ ለሱ የተሰጠው ቦታ ለአሳታሚው ምስጋና ከተሰጠው ያንሳል።

የሜክሲኮው ደግሞ ዳግመኛ የተቆጣሁበት ነው። በ1552 ትላቴሎልኮ ላይ ማርቲን ደ ላ ክሩዝ የሚባል የአገሬው ሐኪም ያዘጋጀው፣ ሁዋን ባዲያኖ ወደ ላቲን የመለሰው መጽሐፍ አለ። ብዙ ዘመን ሮም ቆይቶ በ1990 ወደ ሜክሲኮ ተመልሷል። ሥዕሎቹን ልዩ የሚያደርጋቸው ምን መሰላችሁ? ሥሮቹ። ተክሉ ድንጋያማ ቦታ የሚበቅል ከሆነ ሥሩ መሃል የድንጋይ ምልክት ይሣላል፣ አዝቴኮች ድንጋይ ብለው የሚጽፉበት ራሱ ምልክት። ውኃ ዳር ከሆነ ሥሩ ሰማያዊ ውኃ ውስጥ ነው። አንዱ ላይ ጉንዳኖች ሥሩ መሃል ይርመሰመሳሉ። ሥሩን አንብቦ የት እንደሚፈለግ ማወቅ ይቻላል። አልበሙ ካተማቸው አምስት ሥዕሎች የሦስቱ ሥር የለም። ጉንዳኖቹም አልቀሩ።

የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶቹ ላይ የማማርርበት የለኝም። ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ ቀለም የሚበላሽበት መንገድ የለም። በ1530 ለወጣው የብሩንፌልስ መጽሐፍ ሃንስ ቫይዲትስ የሣላቸው ዕፅዋት ቅጠላቸው የጠወለገ፣ የተቀደደ ነው፣ ፊቱ ያለውን ተክል እንዳለ ነው የሣለው። ፉክስ የሚባለው ሐኪም ደግሞ በ1542 ባሳተመው መጽሐፍ ተቃራኒውን አደረገ፣ እንከን የሌለው ተክል፣ አበባውም ፍሬውም በአንድ ላይ፣ ዲዮስቆሪደስ ያለውን ነገር በአንድ ገጽ ለመመለስ እንደመሞከር። መጨረሻው ላይ የሠዓሊዎቹንና የቀራጩን ምስል አትሞላቸዋል። ይህን አልበም ያዘጋጀው ዲዛይነር ስሙ የትም አልተጻፈም፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላስጽፍም።

አንድ ከባድ ነገር ይቀረኛል። በየምዕራፉ መጨረሻ «ቤትዎ ይሞክሩት» የሚል ሳጥን አለ። ሲምፊቶን ላይ ሻይ አፍልታችሁ ጠጡ ይላል። ተው! ተክሉ ጉበት የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2001 የሚዋጡት ምርቶች ከገበያ እንዲወጡ የጠየቀው ለዚህ ነው። ጥንት ስለተጠጣ ዛሬ ይጠጣ አይባልም። ማስጠንቀቂያ አንድ መስመር እንኳ የለም።

ታዲያ ይገዛ ወይስ አይገዛ? ለአክሮቲሪና ለባግዳድ ገጾች፣ ለእንጨት ኅትመቶቹም ከሆነ ቅናሽ ላይ ስታገኙት ይሁን። ዕፅዋቱን ለማወቅ ከሆነ አይሆንም። ወረቀቱ ወፍራምና ጥሩ ነው፣ ጥራዙ ጠንካራ ነው፣ ስለዚህ ሲገለጥ መሃሉ በደንብ አይዘረጋም፣ ሁለት ገጽ የሚሸፍን ሥዕል መሃሉ ይዋጣል።

ለሻጩ ጻፍኩ። በትሕትና፣ ውሻው የለም አልኩ። ፎቶ ላኩልን አሉ። ገጹን አንስቼ ላክሁ። ከሦስት ቀን በኋላ መልስ መጣ፦ ገጹን አይተነዋል፣ ምንም ጉዳት አይታይበትም፣ መልካም ንባብ። እኔም የቪየናውን ገጽ በሙሉ መጠኑ አትሜ መሃሉ ሸጎጥኩት። የሲምፊቶኑን ሥር አተምኩ፣ ጉንዳኖቹንም። መጽሐፉ አሁን ወፍሮ አልዘጋ ብሏል። ያተምኩት ወረቀት ከገጹ ረዘም ስለሚል ከታች ወጣ ብሎ የውሻው እግር ይታያል።